«ገዢው ዐይን የለውም ወይ?»፦ ስም ለማዛወር ምርመራ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?

ሻንሲ፦ ትናንት አንድ ሰው «ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ስም ለማዛወር ምርመራ መጠየቅ ሰውን ማጉላላት ነው፤ ገዢው ዐይን የለውም ወይ?» ብሎ ጻፈ። ብዙዎችም አጨበጨቡለት። እኔን ግን አንጀቴን አሳረረው። ከምንጣፍ ሥር የተደበቀ ብየዳ የሚያይ ዐይን የማን ነው?

በውል አምናለሁ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም ቃሌን አላጥፍም። መኪናው ዓመታዊ ምርመራውን አልፏል። ባለቤቱ ስለተለወጠ ፍሬኑ አይለወጥም። ገዢው ዐይን አለው፤ ካልበቃው መካኒክ ይዞ ይሂድ።

ሻንሲ፦ ከዐሥር ወር በፊት የተሰጠ ወረቀት ዛሬ ስላለቀው የፍሬን ሸራ ምን ይነግረኛል? በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ግለሰብ ሻጭ የሚያቀርበው የደህንነት ሰርተፍኬት የሚያገለግለው 2 ወር ወይም 2,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በካናዳ ኦንታሪዮ ደግሞ 36 ቀን። እነዚያ አገሮች ገዢዎቻቸው ዐይን አጥተው ነው?

የጋራዥ ሰው፦ ስለ ዐይን ካነሳችሁ የማየውን ልንገራችሁ። የሻንሲ ቁጥር፣ ማለትም በመኪናው አካል ላይ የተቀረጸው መለያ፣ 17 ፊደላትና አሃዞች አሉት። ሌባ ሁሉንም አይነካም፤ አንዱን 3 ወደ 8 ይለውጥና ቀለም ይቀባበታል። ቀለሙ ሲፋቅ በቁጥሩ ዙሪያ የሞረድ ጭረት ይታያል። ገዢው መኪናውን ወደ እኔ የሚያመጣው ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት ምን ልበለው?

በውል አምናለሁ፦ ቁጥሩ ከባለቤትነት ደብተሩ ጋር ይመሳከር፤ እሱን መቼ ተቃወምኩ? ሙሉ ምርመራ ነው የምቃወመው። በብሪታኒያ ስም ለማዛወር ምርመራ አይጠየቅም። የዓመታዊ ምርመራው ታሪክ ከነኪሎ ሜትሩ ለማንም ክፍት ነው፤ ገዢው አይቶ ይወስናል።

ሻንሲ፦ እንግዲያው መዝገቡ ነው እንጂ ዐይኑ አይደለም ያየው! ቤልጂየምም የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ማጭበርበር ሲያስቸግራት ሻጩ የኪሎ ሜትሩን ታሪክ በወረቀት እንዲያስረክብ በሕግ አስገደደች። እንዲህ ያለ መዝገብ በሌለበት ምርመራውን ካነሳን ለገዢው ምን ይቀረዋል?

እግረኛ ነኝ፦ ሁላችሁም ስለ ገዢ ብቻ ታወራላችሁ። ፍሬኑ ያለቀ መኪና የሚገጨው እኔን ነው። እኔ ውሉ ላይ አልፈረምኩም፤ ዋጋም አልተደራደርኩም። የእኔስ ዐይን ምን ያድርግ?

በውል አምናለሁ፦ እህቴ፣ ለእርስዎ ደህንነት ዓመታዊው ምርመራ ይጥበቅ፤ ልቤ ከእርስዎ ጋር ነው። በየሽያጩ ወረፋ መጨመር ግን የሚጠቅመው ማኅተም ለሚሸጥ መርማሪ ነው። መኪናውን ሳያይ የሚፈርም ስንት አለ!

የጋራዥ ሰው፦ መርማሪ ጉቦ ይበላል ተብሎ ምርመራ ይቅር? ጉቦኛው ይባረር እንጂ! ደግሞስ ሻጩን ከምርመራ ለማሸሽ የሚሯሯጠው ደላላው አይደለም እንዴ?

ኮሚሽን ሠራተኛ፦ ደላላ ላይ ማላከክ ይብቃ! እኔ ያልተመረመረ መኪና አላሻሽጥም። ይልቅ የምርመራውን ክፍያ ማን ይሸፍን? በየሽያጩ የምንጨቃጨቀው በዚህ ነው።

ሻንሲ፦ ሻጩ ነዋ! ጉድለቱን የሚያውቀው እሱ ነው።

በውል አምናለሁ፦ ሻጩ ዋጋው ላይ ይጨምረዋል፤ ዞሮ ዞሮ የሚከፍለው ያው ገዢ ነው።