የወንበር ስክሪኖቹን ልንቀላቸው ወይስ ላሠራቸው?

ሩቅ መንገድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 49 መቀመጫ አገር አቋራጭ አውቶብስ አለን። በየወንበሩ ጀርባ ስክሪን አለው። እረፍት አድርገን ሹፌሩ ሞተር ባስነሳ ቁጥር ስክሪኖቹ ድርግም ብለው እንደገና ይነሳሉ። ፊልም ግማሽ ላይ የደረሰ ሰው ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሦስቱ ደግሞ ጭራሽ አይበሩም። ነቅዬ፣ ተሳፋሪው በስልኩ በሚያይበት ዋይፋይ ብተካቸው ይሻላል?

የአውቶብስ ኤሌክትሪሻን፦
ወንድሜ፣ ከመንቀልህ በፊት ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ያዝ። ትልልቅ አውቶብሶች የሚሠሩት በ24 ቮልት ነው። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲዞር ከባትሪ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ቮልቱ ለአፍታ ቁልቁል ይወርዳል። ስክሪኖቹ የሚጠፉት ያኔ ነው። ቮልት ሲወርድም ሥራውን የማያቋርጥ ኮንቨርተር (ቮልቱን አስተካክሎ የሚሰጥ ዕቃ) ከፊታቸው አስገባ።

የማይበሩትን ሦስቱን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሽቦውን እይ። አንድ ጊዜ ስክሪን ቀይሬ አዲሱም እምቢ አለኝ። ወንበሩን ፈትቼ ሳየው፣ መደገፊያው ወደ ኋላ በተኛ ቁጥር ብረቱ ሽቦውን እየቆነጠጠ ልጦታል። አሮጌው ስክሪን ደህና ነበር። በጣም ነው የቆጨኝ።

ዋይፋይ ካሰብክ ፊልሙን ከኢንተርኔት አታምጣ። 40 ሰው እያንዳንዱ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢጠቀም በሰከንድ 80 ሜጋቢት ነው፤ መንገድ ላይ ይህን የሚችል የሞባይል ኔትወርክ ሁሌ አታገኝም። ፊልሙ አውቶብሱ ውስጥ በተቀመጠ ትንሽ ሰርቨር (ፊልሙን ይዞ ለስልኮች የሚያድል ኮምፒውተር) ላይ ይጫን። ተሳፋሪው በስልኩ ከዚያው ያያል፤ ኔትወርክ ቢጠፋም አይቋረጥበትም። ዲስኩ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው) ይሁን፤ የሚሽከረከረው ዓይነት ንዝረት አይወድም። ቁልፍ ሲዘጋም ሰርቨሩ በሥርዓት እስኪጠፋ ኃይል ይቆይለት፤ ድንገት ከተቋረጠበት ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። በየወንበሩ የዩኤስቢ ቻርጀር አትርሳ፤ ስልኩ ከሞተበት ምን ያያል?

የኋላ ወንበር፦
እኔ ተሳፋሪ ነኝ፣ ጆሮዬ አይሰማም። ምንም ብትወስኑ ቀጣዩን ፌርማታ የሚያሳየውን የፊት ስክሪን እባካችሁ አትንኩት። እሱ ሲጠፋ መንገዱን ሙሉ መስኮት ላይ አፍጥጬ ነው የምሄደው። ለማያዩ ሰዎች ደግሞ ድምፁም ይኑር።

ሩቅ መንገድ፦
ሦስቱንም ወንበሮች ፈታሁ። ሁለቱ ላይ ሽቦው ተልጦ አገኘሁት፤ ቀጥዬው በሩ። ሦስተኛው ስክሪኑ ራሱ ነው የተበላሸው። ሞተር ሲነሳ ስለካው ቮልቱ እስከ 17 ይወርዳል። ኮንቨርተር እየፈለግኩ ነው። የፊቱ ስክሪን ባለበት ይቆያል፣ ድምፁንም አብሬ አስተካክላለሁ።