ምስጋናዬ ከደብተሩ አልወጣ አለ

ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት 15 ደቂቃ እጸልያለሁ። ማታ የማመሰግንባቸውን 3 ነገሮች ደብተር ላይ እጽፋለሁ። 4 ወር ሆነኝ። አሁን ወደ ኋላ ሳገላብጠው ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሥራ፤ በየቀኑ ያው ነው፣ ኮፒ ያደረግኩት ይመስላል።

ሥራ ስገባ ደግሞ ሁሉም ይጠፋል። ባለፈው ሳምንት አንድ ባልደረባዬ ላይ በማይረባ ነገር ጮህኩበት። ያን ጠዋት ያነበብኩት 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥18ን ነበር፤ «በሁሉ አመስግኑ» የሚለውን!

ጸሎቱን ወደ 30 ደቂቃ አረዘምኩት፤ ያተረፍኩት እንቅልፍ ብቻ ነው። መዝሙር በጆሮ ማዳመጫ ትንሽ ይሻላል፤ ግን ስልክ ሲደወል ያበቃል። ቆላስይስ 3፥23 ሥራችንን ለጌታ እንደምንሠራ አድርገን እንድንሠራ ይነግረናል። ሐሳቡ ገብቶኛል፤ ያቃተኝ መኖሩ ነው።

እናንተ ከሰዓት በኋላ፣ ድካሙ ሲበረታና ሰው ሲያናድዳችሁ፣ የጠዋቱን ጸሎት በምን ታስታውሱታላችሁ?