«የማኪያቶ ዋጋ ነው»፦ የቤት ግብር በየወሩ ይከፈል ወይስ ባንዴ?

የሳሪስ ልጅ፦ እናቴ ትናንት ከዕድር ስብሰባ ተናዳ መጣች። ምን ሆንሽ ስላት አንድ ሰውዬ ተነስቶ «የጣራና ግድግዳ ግብር በየወሩ ተከፋፍሎ ይከፈል ብለን ለወረዳው እንጻፍ፣ በወር ሲሆን እኮ የማኪያቶ ዋጋ ነው» አለ አለችኝ። ሰዉም አጨበጨበ አሉ! የኛ ቤት የዘንድሮው 9,600 ብር ነው። ለ12 ሲካፈል 800። እስቲ ማኪያቶ 800 ብር የሚሸጥበትን ካፌ ጠቁሙኝና ልሂድ።

ባለ ካልኩሌተር፦ በቀን አስበኸው እንደሆነ 26 ብር ከምናምን ነው። በ26 ብር ደግሞ ማኪያቶ የለም። ሰውየው ከማኪያቶም አሳንሶታል ማለት ነው።

ባለ ሱቁ፦ እናንተ ትስቃላችሁ። እኔ ሐምሌ በመጣ ቁጥር ሆዴ ይንቦጫቦጫል። ደረጃ ሐ በነበርኩበት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ 30 የሱቁን ግብር እከፍል ነበር። የቤቱ አለ። ከዚያ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም። በክረምት ገበያ የለም። ተከፋፍሎ ቢከፈል ምን ችግር አለው?

የሳሪስ ልጅ፦ ችግሩማ ሰውየው ብሩን ማናናቁ ነው። የሚያወራው ከኪሱ የማይወጣ ሰው ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ያ ሰውዬ እኔ ነኝ።

ባለ ካልኩሌተር፦ ኧረ ጉድ!

ጡረተኛው መምህር፦ ከኪሴ ይወጣል ልጄ። 34 ዓመት ጠመኔ ይዤ ያፈራሁት ቤት ነው። ጡረታዬ የሚመጣው በየወሩ ነው። ግብሩ የሚመጣው ባንዴ ነው። የዛሬ ዓመት የከፈልኩት ከልጄ ተበድሬ ነው፣ እሱን መልሼ ሳልጨርስ የዘንድሮው ደረሰ። «የማኪያቶ ዋጋ» ደግሞ አላልኩም። ያልኩት «በየቀኑ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው በወር ቢከፍል አይከብደውም» ነው። እናትህ አሳጥራ ነግራሃለች። እኔ ራሴ ማኪያቶ ከተውኩ ስንት ጊዜዬ፣ ጨጓራ አለብኝ።

የሳሪስ ልጅ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ እርስዎ መሆንዎን አላወቅኩም። ግን «አይከብደውም» ማለትም ያው ነው። በየቀኑ ማኪያቶ የሚጠጣው ማነው? እኔ ራሴ ጀበና ቡና በረከቦቱ ዙሪያ ተቀምጬ ነው የምጠጣው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ማኪያቶውን ተዉትና አንድ ነገር ልበል። ደሞዝተኛ ነኝ። ግብሬ በየወሩ ከደሞዜ ተቆርጦ ነው የሚወጣው። ሥራዬ ሒሳብ ሆኖ እንኳ «ዓምና ስንት ግብር ከፈልሽ?» ብትሉኝ ወዲያው አልመልስላችሁም። ባለ ሱቁ ግን ሳንቲሟን ጭምር ይነግራችኋል፣ ቆጥሮ ስለሰጠ። በየወሩ የሚሄድ ብር አይታይም። የማይታይ ነገር ደግሞ ሲጨመርበትም አይታወቅም። 9,600 ወደ 14,000 ሲገባ ሰፈሩ ይጮሃል። 800 ወደ 1,167 ሲገባ «እሺ» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ሐምሌ ላይ መጮህ ይሻለኛል።

ባለ ሱቁ፦ ጮኸሽ ምን ተገኘ? 2015 ላይ የጣራና ግድግዳው ሲጨምር ያልጮኸ ነበር? ጮኸን ጮኸን ከፈልን።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ቢያንስ ጮኽን።

የጀሞዋ፦ እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። በየወሩ ከሆነ አንድ ወር ያለፈው ሰው ቅጣቱ እንዴት ነው? አሁን ባንዴ ነው የሚያልፈን። ያኔ 12 ጊዜ ልናልፍ ነው።

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ፦ ሁለት ነገር አትደባልቁ። አሁን የምንከፍለው የጣራና ግድግዳ የመጣው ከ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 80 ነው፣ የቤቱን የዓመት ኪራይ ገምቶ ነው የሚያስከፍለው። ፓርላማው በጥር 2017 ያጸደቀው የንብረት ታክስ ሌላ ነው። እሱ የሚያየው የገበያ ዋጋን ነው። ለመሬቱ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፣ ለሕንፃው ከ0.1 እስከ 1 በመቶ። መጠኑን በዚያ መሐል የሚወስኑት ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። ስለዚህ የማኪያቶው ክርክር ገና ነው፣ ምሳው አልመጣም።

የሳሪስ ልጅ፦ የገበያ ዋጋ ማለት ደላላው የሚጠራው ዋጋ ነው? አልቀናል። ሐምሌ 2016 ዶላር ከ57 ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ሲሻገር የኛ ሰፈር ደላሎችም አብረው ተሻገሩ። የኔ ደሞዝ ግን አልተሻገረም። ቤቴ «ሚሊዮን ያወጣል» ስለተባለ ሚሊዮን በጄ አለ ማለት ነው? ጣራው ሲያፈስ በሸራ ነው የሸፈንኩት።

ጡረተኛው መምህር፦ እኔም የምለው ይኸንኑ ነው! ዋጋው ካደገ ባንዴ የሚከፍል ጡረተኛ አይኖርም። እናንተ ስለ መጮህ ታወራላችሁ፣ እኔ ስለ መክፈል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እዚህ አሜሪካ ብዙ ሰው የቤት ግብሩን በየወሩ ከባንክ ብድሩ ጋር ነው የሚከፍለው። ባንኩ ኤስክሮው በሚሉት ሒሳብ እያጠራቀመ ጊዜው ሲደርስ ለካውንቲው ይከፍልልሃል። ሰልፍ የለ፣ ወረዳ የለ። ሜሪላንድ ውስጥ የቤት ግምቱ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ግምቱ ሲያድግ ባንኩ «ሒሳብህ ጎድሏል» ብሎ ደብዳቤ ይልክና ወርሃዊ ክፍያው ይጨምራል። እውነት ለመናገር ግብሬ ስንት እንደሆነ የማስታውሰው ያ ደብዳቤ ሲመጣ ብቻ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ አያችሁ! ራሱ ተናገረው።

ጡረተኛው መምህር፦ ራሱ የተናገረውማ ሰልፍ የለም ብሎ ነው።

የሳሪስ ልጅ፦ ወንድሜ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንተ ማኪያቶህን በዶላር እየጠጣህ ለኛ አታስላልን። እዚህ የቤት ብድር ያለው ስንቱ ነው?

የጀሞዋ፦ እንዴ፣ እኛስ? የ20/80 ኮንዶሚኒየም ሰዎች ምን ልንባል ነው? 20 በመቶውን ከዕቁብም ከዘመድም ለቃቅመን ከፍለን፣ 80ውን ለባንክ በየወሩ ስንገፋ ዓመታት አለፉ። ካርኒዎቹ ዛሬም በብስኩት ቆርቆሮ አልጋዬ ሥር አሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀለማቸው ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ሆነዋል፣ ግን አልጣልኳቸውም። በየወሩ መክፈል ምን እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ። ማኪያቶ አይደለም። 28ኛው ቀን ሲደርስ እንቅልፍ አይወስድሽም፣ ይኸው ነው። ቅጣቱንስ የሚመልስልኝ አለ?

ባለ ሱቁ፦ እህቴ፣ ያን በየወሩ ባይሆን ባንዴ ትችይው ነበር?

የጀሞዋ፦ አልችልም ነበር። እሱማ እውነት ነው።

ከናታንያ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ እስራኤል የቤት ግብሩን አርኖና ነው የምንለው፣ ሒሳቡ በየሁለት ወሩ ይመጣል። የዓመቱን ባንዴ ለከፈለ ትንሽ ቅናሽ አለው። አዲስ ገቢዎች ስንሆንም ትልቅ ቅናሽ ተደርጎልናል። ደግሞ የሚከፍለው ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ነው። ተከራይ ከሆንክ አንተ ትከፍላለህ እንጂ ባለቤቱ አይደለም።

ተከራይ ነኝ፦ በፈጠረህ ይህን እዚህ አትጻፍ! አከራዬ እዚህ ቡድን ውስጥ አለች።

ከለንደን፦ እኛም ጋ ያው ነው፣ ካውንስል ታክስ የሚባለውን የቤት ግብር የሚከፍለው ነዋሪው ነው። ደስ የሚለው የዓመቱ ለ10 ወር ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው። ከኤፕሪል እስከ ጃንዩወሪ ትከፍልና ፌብሩወሪና ማርች ታርፋለህ። ለ12 ይሁንልኝ ያለም መጠየቅ ይችላል።

ባለ ካልኩሌተር፦ ለኛ ስንት ወር ሊሆን ነው? 13 ወር አለን እኮ። ጳጉሜን ከተቆጠረች 738 ብር ይሆናል።

ባለ ሱቁ፦ ጳጉሜን ደሞዝ የሚከፍል አለ? ደሞዝ የሌለበት ወር ግብር የለውም።

ባለ ካልኩሌተር፦ እንግዲያው የ5 ቀን ብቻ ይከፈላ። 26 በ5...

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ፦ አንተ ልጅ ካልኩሌተሩን ማን ሰጠህ?

ተከራይ ነኝ፦ እናንተ በጳጉሜን ትቀልዳላችሁ። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ዛሬ አከራዬ ሐምሌ ላይ አንዴ ነው ስለ ግብር የምታለቅስብኝ። በየወሩ ስትከፍል በየወሩ ታለቅሳለች። መጨረሻው ከኪራዬ ላይ ነው።

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ፦ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። ኪራይ በፈለጉት ሰዓት አይጨመርም። በዓመት አንዴ፣ እሱም መንግሥት ባስታወቀው ልክ። ውሉ ደግሞ ከሁለት ዓመት አያንስም።

ተከራይ ነኝ፦ አዋጁን ይዤ ሳሎኗ ልግባ? «ልጄ ከውጭ እየመጣ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ብትለኝ ምን እላለሁ? ያ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ እየመጣ ነው።

አከራይዋ፦ አንብቤዋለሁ። ልጄ በእውነት ይመጣል። ደግሞ እኔ አለቀስኩ እንጂ ጨመርኩብህ? የውኃውን ሒሳብ ያሳለፍክበትን ወር ረሳኸው?

ተከራይ ነኝ፦ እትዬ፣ በውስጥ መስመር እንነጋገር።

የሳሪስ ልጅ፦ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ጋሼ፣ እንዲያው በክብር ልጠይቅዎት። በየወሩ መክፈል የፈለገ ሰው ዕቁብ ይግባ። በወር 800 ይጣልና ሐምሌ ላይ ዕጣውን ወስዶ ይክፈል። ለዚህ ወረዳ ምን አስፈለገ?

ጡረተኛው መምህር፦ አስተማሪ ስለሆንኩ ቆጣቢ መሰልኩህ። ያስቀመጥኩት ሐምሌን አይጠብቅም። ሚያዝያ ላይ የልጅ ልጄ ታመመ፣ ሄደ። ግንቦት ላይ ለቅሶ ነበር፣ ሄደ። ወረዳው ከወሰደው ግን ተወሰደ፣ ማንም አይበደረኝም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ጋሼ ይህ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን አንድ ነገር ይመልከቱ። አሁን ካለው የዋጋ ንረት ጋር ዛሬ የሰጡት 800 ብርና ከ11 ወር በኋላ የሚሰጡት 800 ብር አንድ አይደለም። ከሐምሌ ጀምሮ ወደፊት የሚከፋፈል ከሆነ ለእርስዎ ይጠቅማል። ቀድመው እያጠራቀሙ የሚከፍሉ ከሆነ ግን ወረዳው በእርስዎ ብር ዕቁብ በላ ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ በስብሰባው ተነግሯል?

ጡረተኛው መምህር፦ አልተነገረም። ይህንን አላሰብኩትም ነበር። የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ።

የሳሪስ ልጅ፦ እና ያጨበጨቡት ምን ሰምተው ነው?

ጡረተኛው መምህር፦ «ተከፋፍሎ» የሚለውን ሰምተው ነው። አንተ «ማኪያቶ» የሚለውን ብቻ እንደሰማኸው ሁሉ።

ባለ ካልኩሌተር፦ ይገባሃል!

የሳሪስ ልጅ፦ እኔ ግን የሚያቅተኝ ሰልፉ ነው። ዓምና ለአንድ ክፍያ ሁለት ቀን ቆሜያለሁ። መጀመሪያ ቀን «ሲስተም የለም»። ሁለተኛው ቀን ሲስተም መጣ፣ ሠራተኛዋ ስብሰባ ሄደች። የካርታ ኮፒዬን ሦስቴ ወሰዱት። ይህን በ12 አባዙት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ በሞባይል ክፈላ።

የሳሪስ ልጅ፦ ጎረቤቴ በሞባይል ከፍላ «አልገባም» ተብላ ባንክና ወረዳ ስትመላለስ ከረመች። በመጨረሻ ደረሰኙን አትማ ነው ያመኗት። በሞባይል የከፈለችው ወረቀት ሽሽት ነበር።

ባለ ሱቁ፦ እኔ ባለፈው በስልኬ ነው የከፈልኩት፣ ሁለት ደቂቃም አልፈጀ። ሁሉን ነገር አታጨልም።

የሳሪስ ልጅ፦ አንተ ዕድለኛ ነህ። ማኪያቶም ጋብዘን።

ባለ ሱቁ፦ ጋሼ ከመጡ እጋብዛለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦ ጨጓራ አለብኝ አልኳችሁ እኮ።

የጀሞዋ፦ ቅጣቱን ግን እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም።