ሥራ ላይ ያለውን የሙያ ደኅንነት ሕግ ሠራተኛው በቀላሉ እንዲያገኘው ምን ብናደርግ ይሻላል?

የሰው ሀብት ባለሙያ (ጅማ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ከተማ ዳርቻ በሚገኝ የቡና ማበጠሪያ ድርጅት ውስጥ በሰው ሀብት አስተዳደር እሠራለሁ። መፈልፈያ ማሽን ላይ የሚሠሩ፣ ጆንያ የሚሸከሙና በወቅቱ ለለቀማ የሚቀጠሩ ብዙ ሠራተኞች አሉን። ቢሮ ውስጥ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቅጂ ቁጥር 377/1996 ነው፤ ይህ አዋጅ ግን በቁጥር 1156/2011 ከተተካ ዓመታት አልፈዋል። የቀድሞው ከ14 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ሲከለክል አዲሱ ዕድሜውን ወደ 15 ከፍ ስላደረገው፣ በአሮጌው ቅጂ የሚመራ የፈረቃ ኃላፊ ሳያውቅ ሕግ ሊጥስ ይችላል። አዲሱን አትሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ይበቃል ወይስ ሌላ የተሻለ መንገድ አለ?

የሕግ ባለሙያ፦
ጥያቄዎ ተገቢ ነው። የአዲሱ አዋጅ አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞች ስለ ሥራቸው አደገኛነት ተገቢውን መመሪያና ማሳሰቢያ እንዲያገኙ የማድረግ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብና በሥራ ላይ የደረሰን አደጋ መዝግቦ የማሳወቅ ግዴታ ይጥልበታል፤ ስለዚህ ወረቀት ለጥፎ መተው ግዴታውን አያሟላም። አንቀጽ 93 ደግሞ የሠራተኛውን ግዴታዎች ይዘረዝራል፤ ሁለቱ አንቀጾች ጎን ለጎን ቢቀርቡ መልካም ነው። አጭር ማብራሪያ ካዘጋጁ የአዋጁ ሙሉ ቅጂ ከአጠገቡ አይለይ፤ ክርክር ሲነሳ የሚታየው በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው ቃል ነውና። መመሪያዎችንም አይርሱ። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት የሚያወጧቸው መመሪያዎች እንዲመዘገቡና በድረ ገጽ እንዲጫኑ ስለሚያስገድድ፣ እነሱን መከታተል እንደ ድሮው አዲስ አበባ ድረስ መሄድን አይጠይቅም።

የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ፦
በሕግ ባለሙያው አስተያየት እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሠራተኛው ዘንድ ሲደርስ የሚያጋጥመውን ችግር ልጨምር። በእኛ አካባቢ አብዛኛው የለቀማና የመጋዘን ሠራተኛ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ ማንበብ የሚቸግራቸውም አሉ። ለእነዚህ ሠራተኞች ከመቶ በላይ አንቀጾች ያሉትን አዋጅ በሰሌዳ ላይ መስቀል እንዳልሰጧቸው ይቆጠራል። የሚጠቅማቸው ፈረቃ ከመጀመሩ በፊት፣ ደመወዝ በሚከፈልበት ሰዓት፣ በሚገባቸው ቋንቋ በቃል ሲነገራቸው ነው፤ ቺንጋው (ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ) መከለያ ከሌለው ለማን እንደሚነገር፣ አቧራው ሲበዛ የአፍንጫ መሸፈኛ ከየት እንደሚወሰድ፣ የተጎዳ ሰው ስሙ የት እንደሚመዘገብ ጭምር። የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ጉዳይ በኅብረት ስምምነት (ማኅበሩና አሠሪው በሚፈራረሙት ውል) ሊካተት ስለሚችል፣ ማኅበር ካላችሁ ይህን ማብራሪያ የስምምነቱ ክፍል አድርጉት። እንዲህ ከሆነ ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር አብሮ አይቀርም።

የደኅንነት ኃላፊ (ብረታ ብረት ሥራ)፦
ሁላችሁም ያልነካችሁት አንድ ነገር አለ፤ ቅጂውን ማን ያድሰዋል? በብዙ ድርጅት የሚታየው ጉድለት ሕጉ መጥፋቱ ሳይሆን ባለቤት ማጣቱ ይመስለኛል። አንድ ሰው በደብዳቤ ይመደብ፤ ሰነዱ ሽፋን ላይ የአዋጁ ቁጥርና ለመጨረሻ ጊዜ የተረጋገጠበት ቀን ይጻፍ፤ የተሻረው ቅጂ «ተሽሯል» ተብሎ ከአገልግሎት ይውጣ። ስልክ ያላቸው በቴሌግራም ቡድን ፒዲኤፉን ያግኙ፤ ለሌሎቹ የታተመው ቅጂ ሁልጊዜ ክፍት በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ በመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ መስጫው ይቀመጥ። በኃላፊው ቢሮ ተቆልፎ ከተቀመጠ ግን ሠራተኛው ቅጂውን ለማየት በመጀመሪያ ለምን እንደፈለገው ማስረዳት አለበት፤ ስለ አደጋ ቅሬታ ያለው ሰው ደግሞ ይህን ይፈራል።

የሰው ሀብት ባለሙያ (ጅማ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴያችን በሚቀጥለው ስብሰባው ኃላፊ እንዲመድብ አቀርባለሁ፤ አሮጌው ቅጂ ዛሬውኑ ይነሳል። ለወቅታዊ ሠራተኞች ማብራሪያው በቅጥሩ ቀን ብቻ ይሰጥ ወይስ በየጊዜው ይደገም?

የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ፦
ይደገም። በቅጥር ቀን ሠራተኛው ሐሳቡ ሁሉ በደመወዙና በውሉ ላይ ስለሆነ ብዙውን አይሰማም። ማሽን ሲቀየር ወይም ሰው ከለቀማ ወደ መፈልፈያ ሲዛወር ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት የግድ እንደገና ይነገረው።