«ዘ ጎድፋዘር» ክፍል 3ን ሌላ ተዋናይ ያድነው ነበር? ለቅዳሜ ክርክር እርዱኝ

ቦርከና ማዶ (ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ)
ሰላም ጀመዓ። ደሴ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊልም አይተን የምንሟገትበት ስብስብ አለን። የዚህ ሳምንት ርዕስ «የተዋናይ ምርጫው ቢቀየር ኖሮ የጎድፋዘር ክፍል 3 ይድን ነበር ወይ?» የሚል ነው። ዕጣ ሲወጣ «አዎ፣ ይድን ነበር» የሚለው ወገን ለእኔ ደረሰኝ። ተቃራኒዬ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነው፤ በቀላሉ የሚለቅ ሰው አይደለም።

ላላያችሁት ባጭሩ (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)፦ ፊልሙ ስለ ኮርሊዮኔ የማፊያ ቤተሰብ ነው። ክፍል 1 በ1972፣ ክፍል 2 በ1974 ወጥተው ሁለቱም የምርጥ ፊልም ኦስካር ወሰዱ። ክፍል 3 በ1990 መጣ። ለሰባት ኦስካር ታጭቶ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ሕዝቡም ከሁለቱ ጋር ሲያስተያየው አዘነበት። የማይክል ኮርሊዮኔን ልጅ ሜሪን እንድትጫወት የታሰበችው ዊኖና ራይደር ነበረች። ሮም ድረስ ሄዳ አቅም አጥታ ተመለሰች። ዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ የ18 ዓመት ልጁን ሶፊያን በቦታዋ አስገባ። ከዚያ በኋላ የወረደው ስድብ ሁሉ የእሷ ሆነ፤ ለመጥፎ ትወና የሚሰጠውን የፌዝ ሽልማት ሳይቀር ሸለሟት።

እኔ «ራይደር ብትኖር ኖሮ» ብዬ ልነሳ ነው። ያዋጣኛል? ምን ልጨምርበት?

የጦሳ ልጅ
አያዋጣህም። በ2020 ኮፖላ ፊልሙን እንደገና ቆርጦ፣ መጀመሪያና መጨረሻውን ቀይሮ፣ «የማይክል ኮርሊዮኔ ሞት» ብሎ ሰይሞ አወጣው። ብዙ ተቺዎች ከድሮው ይሻላል አሉ። ሶፊያ ግን እዚያው ናት፤ ፊቷም ድምጿም አልተቀየረም። ያቺው ልጅ እያለች ፊልሙ ከተሻለ ጥፋቱን በእሷ እንዴት ታላክካለህ? መምህሩ ይህን ካነሳ አለቀልህ።

ሸዋበር
ኧረ ልጅቷን ተዋት! በ2004 ራሷ በጻፈችው ስክሪፕት ኦስካር ወስዳለች።

የጦሳ ልጅ
መጻፏ ለትወናዋ ምስክር ይሆናል እንዴ? 😂

የመድረክ ሰው
ልጄ፣ ልጅቷን ትተህ ጠበቃውን ያዝ። ሮበርት ዱቫልን። በሁለቱ ክፍሎች ቶም ሄገን ሆኖ የተጫወተው፣ ከነማይክል ጋር አንድ ቤት ያደገው የቤተሰቡ ጠበቃ። ለክፍል 3 በክፍያ አልተስማማም። ማይክልን የተጫወተው አል ፓቺኖ ከእሱ በለጥ ያለ ቢከፈለው ቅር አይለውም ነበር፤ ልዩነቱ ግን ከልክ አለፈበትና ተወው።

እኛ ወሎ ባህል አምባ መድረክ ላይ ስንሠራ ተዋናይ ሲታመም ቃሉን የያዘ ሌላ ሰው እናስገባ ነበር። ተመልካቹ ትንሽ ያጉረመርምና ይለምደዋል። ኮፖላ ያደረገው ይህን አይደለም። ቶምን ታሪኩ ሳይጀምር ሞቷል ብሎ፣ ጆርጅ ሃሚልተንን ሌላ ጠበቃ አድርጎ አመጣ። ሃሚልተን አይወቀስም፤ የሚጫወተው ሰውዬ ከማይክል ጋር የሚያስተዛዝበው ነገር የለውም። ጎኑ ቆሞ ጉዳይ ያስፈጽማል፣ በቃ።

አሁን የካርዲናሉን ትዕይንት አስበው። ማይክል ታላቅ ወንድሙን ፍሬዶን ማስገደሉን ይናዘዛል፣ «የእናቴን ልጅ ገደልኩ» ብሎ ይንሰቀሰቃል። ለማን? ያን ዕለት ላገኘው ቄስ። ፍሬዶን የሚያውቅ፣ ማዕድ አብሮት የቆረሰ ቶም ፊቱ ቢቀመጥ ኖሮ መናዘዝም አያስፈልገው፤ ዝም ብለው ቢተያዩ ይበቃ ነበር። ያለ ዱቫል ፊልሙ ጎዶሎ እንደሚሰማው ኮፖላ ራሱ ተናግሯል። ሙግትህን እዚህ ላይ ትከል።

ሀረጎ ቁልቁል
«ስፒድ» ክፍል 2ን ብቻ እንዳታነሳ! ኪያኑ ሪቭስ ስክሪፕቱን አልወደደውምና ቀረ፣ ጄሰን ፓትሪክ ተተካ። ሰው ሁሉ «ኪያኑ ቢኖር» ይላል። ወላሂ ምንም አይለውጥም ነበር። ክፍል 1 ላይ አውቶቡሱ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በታች ከወረደ ይፈነዳል፤ ሀረጎን ፍሬን በጥሶ የሚወርድ መኪና ውስጥ እንደተቀመጥክ ነው። ክፍል 2 ላይ ያመጡት ምንድነው? መርከብ! ኪያኑ ገብቶ ቢቀዝፍላቸውም አትፈጥንም። መምህሩ ይህን ካመጣብህ «እሱ የሐሳብ ችግር ነው፣ የእኔው የሰው ነው» በለው።

ኮምቦልቻ ሰማይ
ጋሼ፣ አክብሬዎት ልቃወም። ከክፍል 1 ወደ 2 ሲሻገሩም እኮ ሰው ጎድሎባቸዋል። ከቤተሰቡ አለቆች አንዱን ክሌሜንዛን የተጫወተው ሪቻርድ ካስቴላኖ አልተመለሰም። በእሱ ፋንታ ፍራንክ ፔንታንጄሊ የሚባል አዲስ ገጸ ባህርይ ጻፉ፣ ማይክል ጋዞ ተጫወተውና ለኦስካር ታጨ። ከዚያ በላይ ደግሞ ማርሎን ብራንዶ ኦስካር በወሰደበት በማይክል አባት በቪቶ ሚና ሮበርት ደኒሮ ወጣቱን ቪቶ ሆኖ ሌላ ኦስካር ወሰደ። ስለዚህ ሰው ጎደለ ማለት ፊልም ተበላሸ ማለት አይደለም።

ክፍል 3ን የበላው ጊዜ ነው። ኮፖላና ደራሲው ማሪዮ ፑዞ ለስክሪፕቱ ስድስት ወር ጠየቁ፣ ፊልሙን ያሠራው ኩባንያ ፓራማውንት ስድስት ሳምንት ሰጣቸው፤ ለ1990 ገና መድረስ ነበረበት። ኮፖላም ዕዳ ነበረበትና እሺ አለ። እኔ መምህሩን ብሆን በዚህ ነበር የምጥልህ።

የመድረክ ሰው
ልጄ፣ እውነትሽን ነው፤ ግን ይህ ለወንድምሽም ይሆነዋል። ፔንታንጄሊን የመሰለ ሰው አዲስ ፈጥሮ ለማሳደግ ጊዜ ያስፈልጋል። በስድስት ሳምንት ሃሚልተን ነው የሚወጣው። ቶም ግን ያደገ ሰው ነው። ገና በር ከፍቶ ሲገባ ተመልካቹ የሃያ ዓመት ታሪኩን ያውቃል፤ መጻፍ የሚጠበቅበት ትንሽ ነው። ጊዜ የሌለው ዳይሬክተር የድሮ ተዋናዩን አጥብቆ መያዝ ነበረበት። ገንዘቡን ቆጥበው የባሰውን ከሰሩ።

ኮምቦልቻ ሰማይ
አሁን ሙግት ሆነ። 👏 አንድ ነገር ልጨምር፦ የኦፔራ ቤቱን ደረጃ ትዕይንት ራስህ ቀድመህ አሳይ። ለአባቷ የተተኮሰው ጥይት ሜሪን ያገኛታል፣ «አባዬ?» ብላ በጉልበቷ ትወድቃለች። ሰው የሚስቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሳቃቸውን አውጥተው ይጨርሱ። ከዚያ ፓቺኖን ተመልከቱ በላቸው። አፉን ከፍቶ ይጮኻል፣ ድምፁ ግን አይሰማም፤ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ልጅቷ ደካማ ብትሆንም ትዕይንቱ አልሞተም። ፊልሙን የገደለው ሌላ ቦታ መሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ የለህም።

ቦርከና ማዶ
በረካ ሁኑ! ራይደርን አወጣኋት። በደረጃው ትዕይንት ልጀምርና ወደ ካርዲናሉ ልሻገር፤ ስድስቱን ሳምንት ደግሞ እሱ ሳያነሳው እኔ ላንሳው። የ2020ው ቅጂ ያለው ሰው አለ? የጦሳ ልጅ ያልከውን ሳላየው መግባት አልፈልግም።

ሸዋበር
እኔ ጋ አለ። ፍላሽህን ይዘህ ዓርብ ከሰዓት ብቅ በል፣ ከአራት ጊጋ በላይ ስለሆነ ትልቁን አምጣ። አማርኛ ትርጉም የለውም።