ውሻችን ፌስታል ሲሰማ ምራቁ ይንጠባጠባል፣ ራት ላይ በር ይቧጭራል፤ የቱ ክላሲካል፣ የቱ ኦፐራንት ነው?

የቡቺ እህት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ፍሬሽማን ነኝ፤ የጀነራል ሳይኮሎጂ ፈተና እየደረሰ ነው። የክላሲካልና የኦፐራንት ኮንዲሽኒንግን (የሁለቱን የመልመድ መንገዶች) ትርጉም ሸምድጃለሁ፤ ምሳሌ ሲመጣ ግን ይምታቱብኛል። እስቲ በቤታችን ውሻ አስረዱኝ። ቡቺ አባዬ ሥጋ ገዝቶ ሲገባ የፌስታሉን ኮሽታ ከሰማ ምራቁ መንጠባጠብ ይጀምራል። ረቡዕና ዓርብ ፌስታሉ ውስጥ ጎመን ቢሆንም ያው ነው። ሁለተኛው ጠባዩ ራት ላይ በር መቧጨር ነው፤ አባዬ አጥንት ይወረውርለታል። እማዬ "አታስለምዱት" ብላ ከልክላ አቆምን። ይኸው ጭራሽ ብሶበት ማላዘን ጀምሯል። ምን ተሻለ?

ውሻ አሰልጣኙ፦
እህቴ፣ የጥበቃ ውሻ ማሠልጠን እንጀራዬ ስለሆነ በግቢ ቋንቋ ልንገርሽ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ ውሻው ያንን ባያደርግ ምግቡ ይቀርበት ነበር? ምራቁ ባይንጠባጠብም ሥጋው ከፌስታሉ መውጣቱ አይቀርም። ኮሽታው የሥጋ ምልክት ሆኖበት ሰውነቱ ቀድሞ ይዘጋጃል። ይሄ ክላሲካል ነው። ጎመኑ ያላጠፋውም ቅዳሜ ሥጋው ተመልሶ ስለሚመጣ ነው። በሩን ካልቧጨረ ግን አጥንት የለም። ያስገኘለት የራሱ ድርጊት ነው፤ ይሄ ኦፐራንት ነው።

ክላሲካሉን ያገኘው ሩሲያዊው ፓቭሎቭም እኮ ሥነ ልቦና ላጥና ብሎ አልተነሳም። የምግብ መፈጨትን የሚያጠና የፊዚዮሎጂ ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ኖቤል የተሸለመውም በዚያው ሥራው ነው። ውሾቹ ምግቡ አፋቸው ሳይገባ ምራቃቸው ሲፈስ አይቶ ነው ነገሩን የተከታተለው። የኦፐራንቱ መስመር ደግሞ ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ከሶርንዳይክ ድመቶች ይጀምራል፣ 1898። ሳጥን ውስጥ የተዘጋች ድመት ያገኘችውን ሁሉ ትቧጭራለች። በአጋጣሚ መክፈቻውን ስትነካ ትወጣለች፤ ውጭ ምግብ አለ። ሲደጋገም መውጫዋ እየፈጠነ ይሄዳል። ሌላው ተመራማሪ ስኪነር ከዚያ ተነስቶ በአይጥና በርግብ አሰፋው።

ብሶበታል ላልሽው፣ የሚጠበቅ ነው። የለመደው ሲቀርበት መጀመሪያ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጉዱ የሚመጣው መሃል ላይ አንዱ "በቃ ጆሮዬን አደነቆረው" ብሎ ከወረወረለት ነው። አልፎ አልፎ የሚሰጥ ነገር ሁልጊዜ ከሚሰጠው ይልቅ ለማጥፋት ይከብዳል። ቤቲንግ ቤት የሚውሉትን ጎረምሶች ተመልከቺ፤ የሚያቆራኛቸው አንዳንዴ መብላታቸው ነው። ለመሆኑ አባትሽ በድብቅ አይወረውሩም?

ቆራጡ፦
ይሄ ሁሉ ፍልስፍና ምን ያደርጋል? ሁለቴ ዱላ አቅምሱት፣ በሩን ዞሮ አያየውም።

ውሻ አሰልጣኙ፦
ወንድሜ፣ ያቆማል፤ ዱላ የያዘው ሰው ቤት እስካለ ድረስ። ግን ፍርሃቱ ከበሩ ጋር ብቻ አይያያዝም፣ ከአንተም ጋር ነው። ዋትሰንና ሬይነር የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1920 አልበርት ያሉት ሕፃን ላይ ያደረጉትን አስብ። ነጭ አይጥ ሊነካ እጁን ሲዘረጋ ከኋላው ብረት በመዶሻ ይመታሉ፤ ልጁ ይደነግጣል። በኋላ አይጧን ብቻ ሲያይ ማልቀስ ጀመረ፤ ጥንቸልም አስፈራው። ዛሬ ቢሆን ማንም አይፈቅድላቸውም። እኔ ጋ የሚመጡ በዱላ ያደጉ ውሾች፣ ጆሮ ለማከክ እጅህን ስታነሳ ሆዳቸው መሬት ይነካል፣ ወይ ይነክሱሃል። ለጥበቃ ሁለቱም አይሆኑም።

የቡቺ እህት፦
ጋሼ፣ ደረሱበት! አባዬ ትናንት በመስኮት ሲወረውር ያዝኩት። "ዝም እንዲልልኝ ነው" አለኝ። አንድ ልጨምርና ላብቃ፤ አሉታዊ ማጠናከሪያ ከቅጣት በምን ይለያል?

ውሻ አሰልጣኙ፦
መልሱ አባትሽ ናቸዋ። ቡቺ ያላዝናል፣ እሳቸው ይወረውራሉ፣ ጩኸቱ ይቆማል። የሚያስጠላቸው ነገር ስለተወገደላቸው ነገም ይወረውራሉ። ድርጊታቸው በርትቷልና ማጠናከሪያ ነው፤ "አሉታዊ" ያሰኘው አንድ ነገር መወገዱ ነው። ቅጣት ግን ድርጊትን ያዳክማል። ስለዚህ ቡቺ አባትሽን አሠልጥኗቸዋል፣ ያውም ያለ ክፍያ።

ሁለቱ ኮንዲሽኒንጎች አብረው ሲሠሩ ለማየት ታንዛኒያ፣ ሞሮጎሮ ውስጥ አፖፖ የሚባለው ድርጅት የሚያሠለጥናቸውን ፈንጂ አነፍናፊ አይጦች አንብቢ። መጀመሪያ "ቀጭ" የሚል ድምፅን ከምግብ ጋር ያለማምዷቸዋል፤ ክላሲካል። ቀጥሎ ትክክለኛውን ሽታ ሲያገኙ ብቻ ቀጭ ይልና ምግብ ይከተላል፤ ኦፐራንት። ከአይጦቹ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወርቅ ሜዳሊያ የተሸለመው ማጋዋ፣ ጡረታ እስኪወጣ ካምቦዲያ ውስጥ 71 ፈንጂ አግኝቷል።

ቡቺን አጥንት አትከልክሉት፤ የሚያገኝበትን ሁኔታ ቀይሩ። ራት ሳይቀርብ፣ ማደሪያው ላይ ጸጥ ብሎ ተኝቶ ሳለ ስጡት። ሲቧጭር ማንም ዞሮ አይየው፣ አይቆጣውም፤ ቁጣም ለውሻ ትኩረት ነው። አባትሽን ደግሞ ራት ላይ ከመስኮቱ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው።