ደላላው ጎረቤት አገር ሲያዝ ፖሊስ ለፖሊስ ያስረክበው ወይስ ፍርድ ቤት ይየው? (ክርክር)

አወያይ፦
የዛሬው ርዕስ ከሆሳዕናና አካባቢዋ ተነስቶ በሞያሌ፣ በናይሮቢና በታንዛኒያ አልፎ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቀውን፣ ደላላ ስደተኞችን የሚያሻግርበትን መንገድ ይመለከታል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያለሁ። ማርች 2020 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ የአንድ ጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ። ኦክቶበር 2022 ማላዊ፣ ምዚምባ ጫካ ውስጥ ከጅምላ መቃብር 25 አስከሬን ወጣ። ከሁለት ወር በኋላ ሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። በሦስቱም ቦታ የሞቱት የኛ ልጆች ናቸው ተብሎ ይታመናል። ከእያንዳንዱ ጭነት ጀርባ ገንዘብ የተቀበለ፣ መኪና የተከራየ፣ ኬላ ላይ የተደራደረ ሰው አለ። ያ ሰው ብዙ ጊዜ የሚኖረው አስከሬኑ ከተገኘበት ሳይሆን ከሌላ አገር ነው። ታዲያ ደላላው ጎረቤት አገር ሲገኝ የሁለቱ አገር ፖሊሶች ድንበር ላይ ተረካክበው ይጨርሱት? ወይስ የግድ በፍርድ ቤት አሳልፎ የመስጠት ሂደት ይለፍ?

ሞያሌ በር፦
ፖሊስ ለፖሊስ! ሞያሌ ከተማው አንድ ነው፣ አገሩ ሁለት። ደላላ ሲሙን አውጥቶ ለመጣል ደቂቃ፣ ድንበሩን ለመሻገር ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። የወረቀቱን መንገድ ደግሞ ቁጠሩት። መርማሪው ለፌዴራል ፖሊስ ይጽፋል፣ ፌዴራል ፖሊስ ለፍትሕ ሚኒስቴር፣ ፍትሕ ለውጭ ጉዳይ፣ ውጭ ጉዳይ ናይሮቢ ላለው ኤምባሲ፣ ኤምባሲው ለኬንያ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ለዐቃቤ ሕጋቸው፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። በየጠረጴዛው ሸኚ ደብዳቤ፣ ትርጉም፣ ማኅተም። የኬንያ ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ24 ሰዓት ዳኛ ፊት ይቅረብ ይላል፣ የኛው በ48። ዳኛው «በምን ማስረጃ ያዛችሁት?» ሲል ፖሊሱ እጁ ባዶ ነው፤ ሰውየው ይለቀቃል፣ በዚያው ምሽት ይጠፋል።

የምሥራቅ አፍሪካ የፖሊስ አዛዦች ትብብር ድርጅት ከ1998 ጀምሮ አለ፤ 14 አገሮች አባል ናቸው፣ ጽሕፈት ቤቱ ናይሮቢ ነው። አዛዦቹ ይተዋወቃሉ። ይህ ሁሉ መዋቅር ተዘርግቶ ሳለ አንድ የታወቀ ደላላ ለመረካከብ ወራት መጠበቅ ለሟቾቹ ቤተሰብ በደል ነው።

መዝገብ፦
ወንድሜ ሞያሌ በር፣ ቁጭትህ የኔም ነው። ግን አቋራጩ በዚህችው ቀጠናችን ተሞክሯል፤ ውጤቱን እንየው።

ጁላይ 11 ቀን 2010 ካምፓላ ላይ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲመለከቱ የነበሩ ከ70 በላይ ሰዎች በፍንዳታ አለቁ። ኬንያ ውስጥ የተያዙ ተጠርጣሪዎች በፍርድ ቤት ሳይታይ ለኡጋንዳ ፖሊስ ተሰጡ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ርክክቡ ሕገ ወጥ ነው አለ። ካምፓላ ላይ ደግሞ ተከሳሾቹ «ተጠልፈን ነው የመጣነው» ብለው ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2011 የተከፈተው ችሎት በዚህ አቤቱታ ቆመ፣ እንደገና የተቀጠለው ማርች 2015፣ ፍርድ የተሰጠው ሜይ 2016 ነው። ልብ በሉ፣ አቤቱታቸው በመጨረሻ ውድቅ ሆኗል። ውድቅ ሆኖም ዓመታት በላ። በእነዚያ ዓመታት ምስክር ይረሳል፣ አገር ይለቃል፣ ይሞታል። ድንበር ላይ በተቆጠበው ሳምንት ችሎት ውስጥ ዓመታት ተከፍለዋል።

ሞያሌ በር፦
ተፈረደባቸው ወይስ አልተፈረደባቸውም? ከ13 ተከሳሾች በሰባቱ ላይ በሽብር ወንጀል ተፈርዷል። ባይሰጡ ኖሮ ግን ጭራሽ ችሎት ላይቀርቡ ይችሉ ነበር።

ፍርድ ቤት ሁልጊዜ አስተማማኝ ነው የሚለውንም አልቀበልም። ሊቢያ፣ በኒ ወሊድ ውስጥ ስደተኛ በማጎርና በማሰቃየት ይፈለግ የነበረው ኪዳኔ ዘካርያስ ሀብተማርያም ፌብሩዋሪ 2021 አዲስ አበባ ላይ ያመለጠው ከፍርድ ቤት ነው፤ የዕድሜ ልክ እስራቱ የተፈረደው በሌለበት ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ሱዳን ውስጥ ያስያዘው ደግሞ የፖሊስ ትብብር ነው፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ፖሊስ የገንዘቡን ዱካ ተከትሎ፣ ከኢንተርፖል ጋር ሆኖ።

ሚዛን፦
ያነሳኸው ጉዳይ ለኔ ክርክር ይመቻል። በዚያ ሰው ላይ ኢትዮጵያና ኔዘርላንድስ ሁለቱም ሬድ ኖቲስ፣ ማለትም ኢንተርፖል ለአባል አገሮች የሚያሰራጨውን የተፈላጊ ማስታወቂያ፣ አስወጥተውበት ነበር። ሬድ ኖቲስ እንዲሁ በስልክ አይወጣም፤ ከመነሻው የአገር ውስጥ ፍርድ ቤት የመያዣ ትእዛዝ ይጠይቃል፣ ወንጀሉ ቢያንስ እስከ ሁለት ዓመት የሚያስቀጣ መሆን አለበት፣ ሊዮን ባለው የኢንተርፖል ዋና ጽሕፈት ቤት ፖለቲካዊ አለመሆኑ ይጣራል። እሱም ቢሆን በራሱ የእስር ማዘዣ አይደለም፤ ምን ያህል እንደሚያስገድድ የሚወስነው የየአገሩ ሕግ ነው። ስለዚህ «የፖሊስ ትብብር ያዘው» ያልነው ሥራ ሥሩ የፍርድ ቤት ወረቀት ነው።

አቋራጩ ሲሳሳት ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ሜይ 2016 ካርቱም ውስጥ አንድ ኤርትራዊ ወጣት ተያዘ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጣሊያን ገባ። የሚፈለገው «ጄኔራሉ» የሚባለው የስደተኛ ደላላ መድኃኔ ይሕደጎ መረድ ነበር። የተላከው ልጅ ከእሱ ጋር የሚጋራው የመጀመሪያ ስሙን ነው። የሱዳን፣ የብሪታንያና የጣሊያን ባለሥልጣናት ተባብረዋል፣ ፍጥነቱም ሞያሌ በር የሚመኘው ዓይነት ነበር። የድምፅ ንጽጽሩ እሱ መሆኑን አላረጋገጠም፤ ከተፈላጊው ደላላ ልጅ የተወሰደው ዲኤንኤ ከእስረኛው ጋር አልገጠመም። እንዲያም ሆኖ የፓሌርሞ ፍርድ ቤት «ይህ የምንፈልገው ሰው አይደለም» ብሎ የለቀቀው ጁላይ 2019 ነው። ሦስት ዓመት!

ይህ ስሕተት ነገም በኛ ሰው ላይ ሊደገም ይችላል፤ ምክንያቱ ቅጹ ላይ አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ቅጹ ግን «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን አለው። አንዱ መዝጋቢ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም ያስገባበታል። ኃይለማርያም አንድ ቦታ አንድ ቃል ነው፤ ሌላ ቦታ ሁለት ተከፍሎ «ኃይለ» የራሱ፣ «ማርያም» የአባቱ ስም ይሆናል። ጸጋዬን በላቲን ፊደል ሦስት ጸሐፊ በሦስት መንገድ ይጽፈዋል። የልደት ቀኑ ይብሳል፤ በኛ 1985 የተወለደ ሰው ሳይቀየር 1985 ተብሎ ሲመዘገብ ሰባት ስምንት ዓመት ይጨመርበታል። ጳጉሜን 3 የተወለደ ደግሞ 13ኛ ወር በማይቀበል ኮምፒውተር ላይ መዝጋቢው ባሰኘው ወር ይገባል። በስምና በልደት ቀን ብቻ ሰው አሳልፎ መስጠት በጨለማ እንደመምታት ነው። የአሥሩ ጣት አሻራ፣ ፎቶው ከተነሳበት ቀን ጋር፣ ስም ከነአባትና አያት በግእዝ ፊደል፣ ልደት በሁለቱም አቆጣጠር። ይህ ሳይሟላ የተያዘ ሰው ድንበር መሻገር የለበትም። ተሟላ አልተሟላም የሚለውን ደግሞ ያዡ ራሱ ሊፈርደው አይችልም፤ ዳኛ ነው የሚያየው።

መዝገብ፦
አንድ ነገር ልጨምር። አቋራጩ አንዴ ከተከፈተ ለደላላ ብቻ አይቀርም። ኖቬምበር 2024 የኡጋንዳው ተቃዋሚ ኪዛ ቤሲግዬ ናይሮቢ ውስጥ ተወስደው ከቀናት በኋላ ካምፓላ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቆመው ታዩ። በዚያው በር ማን እንደሚያልፍ የሚመርጠው በሩን የያዘው ነው።

ሆሳዕና፦
ሁላችሁም ሰውየው ላይ ተጣብቃችኋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሰውየው ተሰጥቶ ከመጣ በኋላ መዝገቡ ውስጥ ምን አለ የሚለው ነው።

ታንዛኒያ ወይም ማላዊ ላይ መኪናው ሲያዝ ተሳፋሪዎቹ በሕገ ወጥ መንገድ በመግባት ይከሰሳሉ፣ ይታሰራሉ፣ በመጨረሻ ወደ አገር ይመለሳሉ። ማን እንደመለመላቸው፣ ገንዘቡ በማን ስልክ እንደገባ፣ ሾፌሩ የት እንደተቀየረ የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። ከመመለሳቸው በፊት ዳኛ ፊት ቀርበው በመሐላ ቃላቸው ካልተወሰደ ምስክሩ በአውሮፕላን ሄደ ማለት ነው። በኋላ ዕዳ ያለበት ቤተሰብ ውስጥ ገብቶ፣ ደላላው ጎረቤቱ ሆኖ፣ ማን አፉን ይከፍታል?

ቃል ሲወሰድም በምን ቋንቋ? ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በሃዲይኛ ወይም በከምባትኛ ነው። ባገኙት አማርኛ ሲናገሩ አንዱ «የሸኘኝ ሰው» ይላል፣ ሌላው «የሸጠኝ ሰው»። አስተርጓሚው ሁለቱንም «ኤጀንት» ብሎ ካለፈው ክሱ ያኔውኑ ተበላሸ። አዋጅ 1178/2020 በሰው መነገድንና ድንበር ማሻገርን ለይቶ ነው የሚቀጣው፤ የሸኘው ወደ አንዱ፣ የሸጠው ወደ ሌላው ይወስዳል። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። ምስክር «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ላክሁለት» ብሎ ሲናገር የስልክ ገንዘብ ኩባንያው መዝገብ ላይ 9:00 ነው የሚታየው። በትርጉም «3:00» ተብሎ ከተጻፈ ጠበቃው «በዚህ ሰዓት ምንም ዝውውር የለም» ብሎ ማስረጃውን ያስጥለዋል።

ሌላም ክፍተት አለ። የምሥራቁ የፖሊስ ድርጅት ታንዛኒያ ላይ ያበቃል። ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፣ ዛምቢያ፣ ደቡብ አፍሪካ የደቡቡ ቀጠና የፖሊስ ድርጅት አባላት ናቸው። መልማዩ በአንዱ፣ አስከሬኑ በሌላው። ታንዛኒያ የሁለቱም አባል ናት፤ የቴቴንና የሞያሌን መዝገብ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ አንድ ዴስክ መቋቋም ካለበት ቦታው እዚያ ነው።

መዝገብ፦
ሆሳዕና ያልሽው ላይ ሕጉ ራሱ ይጨምርበታል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 21 ኢትዮጵያዊን ለውጭ አገር አሳልፎ መስጠት ይከለክላል፤ እዚሁ ይዳኛል። ስለዚህ ኬንያ ወይም ማላዊ የሚፈልጉት ደላላ ኢትዮጵያዊ ሆኖ እዚህ ከተገኘ የድንበር ርክክብ የሚባል ነገር የለም። መሻገር ያለበት ማስረጃው ነው። በፖሊስ መስመር የመጣ የስልክ ዝርዝር ለፍለጋ ያገለግላል፤ ለችሎት ግን በይፋ የሕግ ትብብር ጥያቄ መጥቶ፣ ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደተቀበለ፣ መቼ እንደታሸገ መመዝገብ አለበት። የተያዘ ስልክ ከፍተው ፎቶውን በዋትስአፕ መላላክ መረጃ ያደርሳል፣ ማስረጃ ግን ይገድላል። ኢጋድ አሳልፎ ስለ መስጠትም ስለ ሕግ ትብብርም ሁለት ስምምነት በ2009 አውጥቷል። ጉልበታችንን አባል አገሮች ሁሉ አጽድቀው ሥራ ላይ እንዲያውሉት ብናውለው ይሻላል።

ሞያሌ በር፦
የካርቱሙ ልጅ ነገር ከብዶኛል፤ ማንነት ሳይጣራ ሰው አይሻገር፣ ተቀብያለሁ። ቤሲግዬም እንደዚያው። በ24 ሰዓቱ ላይ ግን ማናችሁም አልመለሳችሁልኝም። ሌሊት ስድስት ሰዓት ሞያሌ ላይ የተያዘ ሰው ነገ ማታ ይለቀቃል። ምን ይደረግ?

መዝገብ፦
ማዘዣው ከመያዙ በፊት ይውጣ። ደላላው ከታወቀ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ መዝገብ ተከፍቶ የመያዣ ትእዛዙ ይወሰዳል፣ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጎማል፣ አሻራው ይያያዛል፣ በኢንተርፖል መስመር ናይሮቢ ቀድሞ ይቀመጣል። ሲያዝ ለኬንያው ዳኛ የሚቀርበው ያ ነው፤ ለጊዜያዊ እስር ይበቃል፣ ዋናው ጥያቄ በሚኒስቴሮቹ በኩል እስኪደርስ ጊዜ ይገዛል። የሚበላሸው ተፈላጊውን ከያዙ በኋላ ትርጉም ሲጀመር ነው።

ሞያሌ በር፦
ለሚታወቀው ደላላ ይሠራል። መኪናው ውስጥ ተሳፋሪ መስሎ ተቀምጦ ለሚገኘው፣ ስሙ በማንም መዝገብ ለሌለው ግን አይሠራም። እሱን የሚለዩት ተሳፋሪዎቹ ናቸው፤ በዚያችው ሌሊት ቃላቸውን የሚቀበል ተረኛ ዐቃቤ ሕግና ሃዲይኛ የሚችል አስተርጓሚ በሁለቱም ኬላ እስካልተመደበ ድረስ በአቋሜ እቆያለሁ።

ሆሳዕና፦
ተረኛው ይመደብ ካልክ ከኔ ጋር ነህ። አስተርጓሚው ግን ከመንገድ የተጠራ መሆን የለበትም፤ ከደላላው ሰፈር ከሆነ ተሳፋሪዎቹ ገና ድምፁን ሲሰሙ ዝም ይላሉ።